ጠጉረ ድርብ ውሻና የካርቱም ሙቀት

ሀስኪና የጀርመን እረኛ ውሻ የሚባሉት ዘሮች ጠጉራቸው ድርብ ነው፤ የላይኛው ጠንካራ፣ የታችኛው እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ይህም የታችኛው ወራት ሲለወጡ በብዛት ይረግፋል።

ካርቱም ግን በግንቦት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት። በዚያ እንዲህ ያለውን ውሻ ለክብር ሲል የሚያሳድግ ሰው ምንጣፉ በጠጉር ሲሞላ ሊላጨው ይነሣል። ሆኖም ጠጉሩ ቆዳውን ከፀሐይ የሚጋርድ ስለሆነ፣ የሚበጀው ዘወትር ማበጠር እንጂ መላጨት አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት ተነሥቶ መብራት በተቋረጠና ባለቤት በተሰደደ ጊዜ፣ የቀዘቀዘ ክፍል የለመደ ውሻ ምን ተስፋ ነበረው?

ስለዚህ የሚያስመጣው ነጋዴም፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሹምም ከእንስሳው መልክ አስቀድመው የሚኖርበትን አየር ይመርምሩ። ለበረሃ የሚስማማ እንደ ሳሉኪ ያለ ጠጉረ አጭር ውሻ ሳለ፣ የብርድ አገር ልብስ የለበሰውን ለሙቀት አሳልፎ መስጠት ጌጥ ሳይሆን በደል ነው።