ስኳሩ ደህና ሲባል የጉበቱ ጉዳይ

በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ሆኖ መገኘቱ ብዙውን ሰው የሚያረጋጋ ቢሆንም፣ ውጤቱ የሚናገረው በዚያ ጠዋት በደም ውስጥ ስለነበረው ስኳር እንጂ ቆሽት ያንን ስኳር በልኩ ለመያዝ ምን ያህል ኢንሱሊን ለማመንጨት እንደተገደደ አይደለም። ጡንቻ፣ ጉበትና የስብ ሕዋሳት ለኢንሱሊን ትእዛዝ በወጉ መመለስ ሲያቅታቸው፣ ማለትም ሐኪሞች ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚሉት ሁኔታ ሲፈጠር፣ ቆሽት ጉድለቱን የሚሸፍነው ኢንሱሊን በማብዛት ስለሆነ ስኳሩ ለዓመታት ሳይዛነፍ ሊቆይ ይችላል፤ በእነዚያው ዓመታት ግን ጉበት ስብ ያጠራቅማል።

ይህ ስብ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለመርካቶ ሰው በተለይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የስብ ጉበት በሽታ በያዛቸው ሰዎች ጉበት ውስጥ ከተገኘው ትራይግሊሰራይድ፣ ይኸውም ሰውነት ጉልበት ከሚያከማችበት የስብ ዓይነት፣ 59 በመቶ ያህሉ ከሰውነት የስብ ክምችት በደም ተጉዞ የመጣ፣ 26 በመቶ ያህሉ ጉበት ራሱ በተለይ ከስኳርና ከስታርች የሠራው፣ 15 በመቶው ብቻ በቀጥታ ከምግብ ቅባት የተገኘ መሆኑን አሳይቷል። ለኢንሱሊን የማይታዘዘው የስብ ሕዋስ ስቡን ወደ ደም ይለቃል፤ የበዛው ኢንሱሊን ጉበትን ተጨማሪ ስብ እንዲሠራ ይገፋፋዋል፤ ስብ የሞላው ጉበት ደግሞ ሌሊቱን ስኳር መልቀቁን ስለማይገታ ቆሽትን መልሶ ያደክማል። ስለዚህ በሸማ ተራ ከጠዋት እስከ ማታ በጣቃ ጨርቅ መካከል ተቀምጦ የሚውል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ደጋግሞ የሚያስመጣ፣ ከሰዓት በኋላም ጫቱን በለስላሳ የሚያወራርድ ነጋዴ፣ ዐቢይ ጾምን በሙሉ ቅቤና ሥጋ ሳይቀምስ ቢያሳልፍ እንኳ ጉበቱ ስብ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ አያጣም። ያንኑ ጣቃ ተሸክሞ ሲመላለስ የሚውለው ሰው ያንኑ ሻይ ቢጠጣ፣ አብዛኛውን ስኳር የሚሠራ ጡንቻው ስለሚወስደው ነገሩ ይለያል።

የተደበቀውን ለማየት ከተዘጋጁት መለኪያዎች አንዱ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ሆማ የተባለ ስሌት ሲሆን፣ በባዶ ሆድ የተለኩትን ኢንሱሊንና ስኳር አባዝቶ ለ405 ያካፍላል። ስኳሩ 98 የሆነ፣ «ደህና ነህ» ተብሎ የሚሸኝ ሰው ኢንሱሊኑ 18 ቢሆን ውጤቱ 4.4 ገደማ ይሆናል፤ ብዙ ጥናቶች ወሰን የሚያደርጉት 2.5 አካባቢ ነው። ኢንሱሊን በማይለካበት ቦታ ትራይግሊሰራይድን ጥሩ ከሚባለው ኤችዲኤል ኮሌስትሮል ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው። ይሁንና አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን ላይ የተደረገ፣ በዚያው በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ለኢንሱሊን በማይታዘዝ ሰውነት ውስጥ እንኳ ትራይግሊሰራይድ ዝቅተኛ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ግኝት በሚገባው ልክ አልተነገረለትም፤ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ዝቅ ያለው ግን የነጻነት ምስክር ወረቀት አይደለም።

ለዚህም ነው የወገብ ዙሪያ ከፍተኛ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው። በመጨረሻዋ የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃ በልብስ ሰፊ ሜትር የሚለካው ይህ ቁጥር፣ ለአፍሪካውያን በአብዛኛው በሚሠራበት መመዘኛ መሠረት ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም።

እርግጥ ነው፣ በኢትዮጵያ የጉበት ሕመም ሁሉ በስብ አይመጣም፤ ሄፓታይተስ ቢ በሰፊው አለ፣ በሐረር አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። በመሆኑም ወገቡ የሰፋ ሰው የሄፓታይተስ ምርመራውን መዝለል አይገባውም። ስብ ብቻውን ከሆነ ግን ሊመለስ የሚችል ነው፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ በጉበቱ ያለው ስብ ይቀንሳል፣ እስከ 8 ኪሎ ቢደርስ ደግሞ በብዙዎች ላይ የጉበት ቁጣው ይበርዳል።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ስኳር በሚለኩበት ክፍል አንድ ሜትር ይስቀሉ፤ ተመርማሪውም ስኳሩን ሲጠይቅ ወገቡን ያስለካ፣ ትራይግሊሰራይዱንም ይጠይቅ።