ሁለቱ የቤት ሥራዎች



ቋንቋችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። መምህሩ ሰጥቶ በማግሥቱ የሚያርመውም «የቤት ሥራ» ነው፤ በማጀት ሲጋገር፣ ሲታጠብ፣ ሲጠረግ የሚውለውም «የቤት ሥራ» ነው። ወንዶች ተማሪዎቻችን ወደ ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው በአብዛኛው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሴቶቹን ሁለቱም ይጠብቋቸዋል። ብዙ ጊዜም ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይበላዋል።

በዚህ የዓመት መጽሔታችን ስለ ውጤትና ስለ ተመራቂዎች ብቻ ብንጽፍ ይቀለን ነበር። ይሁን እንጂ ከደብተርና ከመምህር ባልተናነሰ የልጆቻችንን ትምህርት የሚወስነው በየቤታችን ያለው የሥራ ክፍፍል ስለሆነ ልናልፈው አልወደድንም። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ የቤት ውስጥ ሥራ የእናትና የሴት ልጅ ዕዳ አይደለም፤ በዚያ ቤት የሚበላ ሰው ሁሉ ድርሻ ነው።

በየዓመቱ ለምዝገባ በምንሰጠው ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» እና «የእናት ሥራ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የአባት መስመር ላይ ሾፌር፣ የወደብ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ግንበኛ እየተባለ ይሞላል። በእናት መስመር ላይ ደጋግመን የምናነበው «ሥራ የላትም» የሚለውን ነው። አንዳንዱ በሰረዝ ብቻ ያልፈዋል። እስቲ ሥራ የላትም የተባለችውን እናት አንድ ቀን እንከተላት።

ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። ቁርስ ታቀርባለች፤ ልጆቹን አጥባ፣ አልብሳ፣ ምሳ ዕቃቸውን ሞልታ ትልካለች። ከዚያ ልብስ አለ፣ ዕቃ አለ፣ ገበያ አለ፣ ምሳ አለ፤ የሚጠባ ሕፃንና የታመመ ሽማግሌ ያለበት ቤትም አለ። ጤፉ ተቦክቶ፣ እርሾው ተጠብቆ፣ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ እንጀራ ይጋገራል። አምቡሊ ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሁላችንም ማራገቢያ ሥር እንሸሸጋለን፤ እሷ ግን ከጋለ ምጣድ ፊት ቆማ አክንባሎ ታነሣለች፣ ትከድናለች። ከሰዓት በኋላ ጫት መጥቶ ወንዶች ጋደም ሲሉ ውኃና ሻይ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ የሚያድረው እዚሁ ነው፤ አልጋና ምግብ ያስፈልገዋል። ቡናውም ከአቦል እስከ በረካ ይቀጥላል። ማታ ሁሉም ሲተኛ እሷ የነገውን ታሰናዳለች። ይህ ሥራ መግቢያ እንጂ መውጫ ሰዓት የለውም፤ የዓመት ፈቃድም የለውም።

ከማኅበረሰባችን እናቶች ብዙዎቹ ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ እናቶች ቀን በሌላ ሰው ቤት ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፤ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ይቀበላሉ። ማታ ቤታቸው ገብተው ያንኑ ሥራ ይደግሙታል፤ ለዚህኛው ግን ደመወዝ ቀርቶ የሥራ ስም እንኳ አይሰጠውም። አንድ ሥራ መንገድ ሲሻገር ሥራ የሚሆነው፣ በራስ ቤት ሲሆን ደግሞ ከሥራ የማይቆጠረው በምን ሒሳብ ነው? ይህን ጥያቄ ለሒሳብ ተማሪዎቻችን ብናቀርበው መልስ የሚያገኙለት አይመስለንም።

ቃላችንም ያጋልጠናል። ወንድን «ባለሙያ ነው» ስንል መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መካኒክ ማለታችን ነው። ሴትን «ባለሙያ ናት» ስንል ወጥ ታሳምራለች ማለታችን ነው። የወንዱ ሙያ እንጀራ ያስገኝለታል፤ የሴቷ ሙያ እንጀራ ያስጋግራታል። «ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የሚማሩት ትምህርት ሆኖ ኖሯል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ከመቶው 76.2 እጅ የሚሆነውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት እንዳሳየው፣ ያለ ክፍያ የቤት ሥራ ከሚሠሩት መካከል ሴቶች በአማካይ በቀን 299 ደቂቃ፣ ወንዶች 97 ደቂቃ ያውሉበታል። በዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በመኪና አደጋ ስለሞተች የቤት እመቤት ካሳ ሲወስን፣ ሥራዋ ዋጋ ያለው መሆኑንና በገንዘብ ሊገመት እንደሚገባው ገልጿል። መልካም ፍርድ ነው። የሚያሳዝነው ግን የብዙ ሴት ድካም የሚሰላው ከሞተች በኋላ መሆኑ ነው።

እኛን እንደ ትምህርት ቤት ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላው ቁጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳስታወቀው፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች በቤት ሥራና ውኃና እንጨት በማምጣት ከእኩዮቻቸው ወንዶች 40 ከመቶ የበለጠ ጊዜ ያሳልፋሉ። ልዩነቱ የሚጀምረው ገና በ5 ዓመት ነው፤ ዕድሜያቸው ሲጨምርም ይሰፋል። ይህን እኛም በክፍላችን እናየዋለን። ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የምታንቀላፋው፣ «ትላንት እንግዳ ነበረብን» ብላ ደብተሯን ባዶ የምታቀርበው፣ ታናሿ ታሞ እናቷ ሥራ ስለሄደች የምትቀረው ማን ናት? እህት ናት። ወንድሟ በዚያው ቤት፣ በዚያው እንግዳ ምክንያት የቀረበትን ቀን መዝገባችን ላይ ብትፈልጉ ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

አንዳንድ ወላጆች «ባህላችን ነው» ይሉናል። ባህልን እናከብራለን፤ ትምህርት ቤታችንም የቆመው ቋንቋችንና ባህላችን በስደት አገር እንዳይጠፋ ነው። ነገር ግን ባህላችንን ሙሉውን እንየው። ሴት በማይገባባቸው ገዳማት፣ ለምሳሌ በደብረ ዳሞ፣ የሚያበስለው ማን ነው? መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም ገብቶ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነውን ኅብስት የሚጋግረው ወንድ አገልጋይ ነው። የቆሎ ተማሪ ፊደል ብቻ ሳይሆን ራሱን ችሎ መኖርንም ይማራል። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ከባለቤታቸው ከአዒሻ የተላለፈ ዘገባ አለ። በትልልቅ ሆቴሎች ነጭ ኮፍያ አድርገው የሚያበስሉት አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውንም እናውቃለን። ታዲያ ወንድ እጅ ማብሰል የሚያቅተው በገዛ ቤቱ ብቻ ነው ማለት ነው?

ሕጉም ቢሆን ቆሞ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራም በግልጽ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ቀይሮ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው፣ ልጆቻቸውን በማሳደግና በማስተማርም ሊተባበሩ እንደሚገባ ደነገገ። ሕጉ ከተቀየረ ዓመታት አለፉ። በብዙ ማጀቶቻችን ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ ሕግ ነው።

መለወጥ እንደሚቻል ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ አይሂድ። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ አውራ አምባ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ ገና በልጅነታቸው አንድ ነገር አልዋጥ ብሏቸው ነበር። እናትና አባት እኩል እርሻ ውለው ሲመለሱ አባት ያርፋል፤ እናት ግን መፍጨት፣ መጋገር፣ የባሏን እግር ማጠብ ይጠብቃታል፤ ከዘገየችም ትሰደባለች። ለምን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው እንደ ዕብደት ተቆጥሮባቸው ብዙ ተገፉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ሰዎች ጋር ማኅበረሰቡን መሠረቱ። በአውራ አምባ ሥራ የሚከፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። ቤቱ አልፈረሰም፤ ወንዱም አልተዋረደም። እንዲያውም በሽመና ሥራቸውና ለትምህርት በሰጡት ቦታ ታወቁ። የአውራ አምባን አኗኗር ሁሉ እንቅዳ አላልንም፤ ሁሉም የተጀመረው በአንድ ልጅ ጥያቄ መሆኑን ግን ልጆቻችን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን።

ለአባቶችም ፍትሐዊ እንሁን። ከጋላፊ እስከ ወደቡ ከባድ መኪና ሲነዳ የሰነበተ፣ በፀሐይ ኮንቴይነር ሲያወርድ የዋለ ሰው ደክሞ ነው የሚገባው። ይህን አንክድም። የምንለው አባት በሚደክመው ላይ ሌላ ድካም ይጨመርበት አይደለም፤ ድካም ይታይ ነው። የአባትን ድካም ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ይረፍ» ይባላል። «ዝም በሉ፣ እናታችሁ ትረፍ» የሚባልበት ቤት ስንት ነው? በዕረፍት ቀን ልጆቹን ማጠብ፣ ገበያ ደርሶ መምጣት፣ የተበላበትን ሳህን ማንሣት ከመሪና ከኮንቴይነር የሚከብድ አይመስለንም።

እናቶችም ድርሻ አላችሁ። ወንድ ልጅ ሳህን ላጥብ ብሎ ሲነሣ «ተው፣ አንተ ወንድ ነህ፣ እህትህ አለች» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የእናት ድምፅ ነው። ሠፈሩም «ሴታሴት» ይለዋል። እንዲህ ያደገ ልጅ የተጠቀመ ይመስላል፤ ግን ተጎድቷል። ነገ ለትምህርት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሲሄድ ራሱን መመገብ አይችልም። ሲያገባም ሚስት ሳይሆን ምትክ እናት ይፈልጋል። ሴት ልጅ ሙያ አትማር አላልንም፤ ሙያ ለሁለቱም ይሰጥ ነው ያልነው። በትምህርት ቤታችን የክፍል ጽዳት ተራ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ነው። መጥረጊያ በመያዙ ወንድነቱ የቀነሰ ተማሪ እስካሁን አላገኘንም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጪው ዕረፍት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የቤት ሥራ ሰጥተናል፤ ይህኛው ሁለቱንም ስሙን ያሟላል። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያላችሁ ተማሪዎች አንድ ወረቀት አሥምሩ። ከንጋት እስከ መኝታ በቤታችሁ የሚሠራውን እያንዳንዱን ሥራ በአንድ በኩል ጻፉ፤ በሌላው በኩል የሠራውን ሰው ስምና የወሰደውን ደቂቃ አስፍሩ። ሦስት ቀን ያህል መዝግቡ፤ ከቀኖቹ አንዱ እንጀራ የሚጋገርበት ይሁን። ከዚያ ደምሩ። ወላጆች፣ ድምሩን ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። ከአንዱ ስም ሥር የተከመረውን አንሡና ወደ ሌሎቹ ስሞች አካፍሉ። ማን ምን እንደሚሠራ ተስማምታችሁ ወረቀቱን ማጀቱ በር ላይ ለጥፉት። ለሴት ልጃችሁ ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት፣ ማንም «ነይ ይህን አድርጊ» ብሎ የማይጠራት የጥናት ሰዓት ስጧት። ከዕረፍት ስትመለሱ ወረቀቶቹን በክፍል እንወያይባቸዋለን። የማንንም ቤት ገመና ለማውጣት አይደለም፤ ስም ሳይጠቀስ ድምሩን ብቻ ነው የምንጠይቀው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ብለዋል። ሎሚው በየቤቱ አለ፤ እስካሁን የተሸከመችውም ትታወቃለች። በቀጣዩ ዓመት የምዝገባ ቅጹን ስትሞሉ «የእናት ሥራ» ከሚለው ፊት ሰረዝ ከማስመራችሁ በፊት የደመራችሁትን ወረቀት አንዴ ተመልከቱ። መልካም የዕረፍት ጊዜ ለእናንተም፣ ዘንድሮ ለእናቶቻችሁም ይሁን።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
አምቡሊ፣ ጅቡቲ