የብርሃን ብክለትን በመለካትና በመግታት ረገድ የኅብረተሰቡ ድርሻ

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ካመጣቸው ለውጦች መካከል ፈጥኖ ዓይን የሚስበው የምሽት ብርሃን ነው። ቀደም ሲል ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እግረኛ የሚሸሻቸው ጎዳናዎች ዛሬ ቤተሰብ የሚንሸራሸርባቸው ሆነዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚገኙ ሕንፃዎችም ግድግዳቸውን በመብራት አስጊጠዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የአገሪቱን የኃይል አቅም ማሳደጉ ደግሞ ለከተሞች መብራት መስፋፋት ተጨማሪ በር የሚከፍት ነው።

ይህ በጎ ለውጥ መሆኑ አያጠያይቅም። ከሕዝቧ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ገና የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ባልሆነባት አገር ስለ ብርሃን ብክለት ማንሳት እንደ ቅንጦት ሊታይ እንደሚችልም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሰማይ የሚረጨው ብርሃን መብራት ላጣው የገጠር ቤተሰብ ሊደርስ ይችል የነበረ፣ ዋጋ የተከፈለበት ኃይል ነው። ዛሬ የሚተከለው የመብራት ምሰሶ ለበርካታ ዓመታት የሚቆይ በመሆኑም ጉዳዩን ለማንሳት ከአሁን የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

የብርሃን ብክለት ሰው ሠራሽ ብርሃን በማያስፈልግበት ቦታና ሰዓት፣ ወይም ከሚፈለገው መጠን በላይ ሲበራ የሚፈጠር ችግር ነው። ወደ ላይና ወደ ጎን የሚወጣው ብርሃን በአየር ውስጥ ከሚገኙ ቅንጣቶች ጋር እየተጋጨ ይበተንና ከከተማው በላይ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ከዋክብትን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ በ2016 ይፋ የሆነው የዓለም የሰማይ ብርሃን ካርታ እንዳመለከተው ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር ይኖራል። ከሦስት ሰዎች አንዱ ደግሞ ከሚኖርበት ሥፍራ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። በሌሊት የሚጓዙ ወፎች አቅጣጫ መሳታቸው፣ ነፍሳት በመብራት ዙሪያ ሲዞሩ ማለቃቸው፣ በሰው ልጅ ላይም እንቅልፍን የሚያግዘው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን መመረቱ መስተጓጎሉ በተደጋጋሚ ከተጠኑት ጉዳቶች ይጠቀሳሉ።

ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ቀስ በቀስ የሚመጣ መሆኑ ነው። ሽታ የለውም፣ ድምፅም አያሰማም፤ ነዋሪው ከዋክብቱ መቀነሳቸውን የሚያስተውለው ወደ ገጠር በሄደ ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህም ነው በዘርፉ የተሰማሩ ተመራማሪዎች ተራውን ሕዝብ የመለኪያው አካል ለማድረግ የወሰኑት። እ.ኤ.አ በ2006 የተጀመረው ግሎብ አት ናይት የተባለ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ተሳታፊዎቹ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከቤት ወጥተው፣ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆይተው፣ እንደ ኦሪዮን ያለ የታወቀ የከዋክብት ስብስብ እንዲመለከቱ ይጠይቃል። ተሳታፊው ያየውን ሰማይ በተለያየ የጨለማ ደረጃ ከተዘጋጁ ሥዕሎች ጋር አስተያይቶ ይበልጥ የሚመሳሰለውን ይመርጥና ቦታውንና ሰዓቱን ጨምሮ በኢንተርኔት ይልካል። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ቀላል ተግባር ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ የታየው እ.ኤ.አ በጥር ወር 2023 ነበር። በጀርመን የፖትስዳም የምድር ሳይንስ ምርምር ማዕከል ባልደረባ በሆኑት በክሪስቶፈር ካይባ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ ከ2011 እስከ 2022 በዜጎች የተላኩ ከ51 ሺህ በላይ ምልከታዎችን ተንትኖ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳትሟል። በውጤቱም የሌሊቱ ሰማይ በየዓመቱ በአማካይ 9 ነጥብ 6 በመቶ እየደመቀ መሄዱ ተረጋግጧል። ይህም የሰማዩ ድምቀት ስምንት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ሲያስረዱ 250 ከዋክብት በሚታዩበት ሥፍራ የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላው ከዚያው ሥፍራ የሚያየው 100 ገደማ ብቻ እንደሚሆን ገልጸዋል።

የበለጠ ትኩረት የሚሻው ግን በዚያው ወቅት የሳተላይት መረጃ ይህን ጭማሪ አለማሳየቱ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ይቀርባሉ። አንደኛው የሌሊት ብርሃንን የሚመዘግበው የሳተላይት መሣሪያ ዘመናዊዎቹ ነጭ የኤል ኢ ዲ መብራቶች አብዝተው የሚያወጡትን ሰማያዊ ብርሃን የማያይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሕንፃ ግድግዳ፣ ከመስኮትና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ጎን የሚወጣውን ብርሃን ከላይ ሆኖ በሚገባ ለመያዝ አለመቻሉ ነው። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገነባው መሣሪያ የሳተውን በበሩ ላይ የቆመ ተማሪ አይቶታል።

ከመንገድ መብራት ውጪ ያለው ብርሃን ድርሻ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የምትገኘው የቱሳን ከተማ እ.ኤ.አ በ2019 የመንገድ መብራቶቿን ድምቀት ሆን ብላ እየቀያየረች ከሳተላይት በተለካችበት ጊዜ፣ ከሕዋ ከታየው ብርሃን የመንገድ መብራቶቹ ድርሻ ከአንድ አምስተኛ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ቀሪው የንግድ ቤቶች፣ የመኪና ማቆሚያዎች፣ የስፖርት ሜዳዎችና የመኖሪያ ግቢዎች ነበር። በጀርመንም እ.ኤ.አ በ2021 በጎ ፈቃደኞች በእግራቸው እየተዘዋወሩ ከ2 መቶ ሺህ በላይ የብርሃን ምንጮችን በዓይነት በዓይነታቸው ቆጥረዋል። ከዚህ በመነሣት መንግሥት የራሱን መብራት ብቻ በማስተካከል ችግሩን እንደማይፈታው መገመት አያዳግትም። በግቢው አጥር ላይ ፓውዛ የሰቀለው ግለሰብና ሌሊቱን ሙሉ ማስታወቂያውን የሚያበራው ነጋዴ ጉዳዩን አውቀው ሊተባበሩ ይገባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ በቅርብ የሚነካው የእንጦጦ የሕዋ ምልከታ ጣቢያን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 2 መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ጣቢያ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ነገር ግን ከሥሩ ተንጣልላ የምትታየው አዲስ አበባ በደመቀች ቁጥር ጣቢያው ሊያያቸው የሚችላቸው ደብዛዛ የሰማይ አካላት ይቀንሳሉ። አገሪቱ ያላትን መሣሪያ ሕዝቡ በሚያበራው መብራት ማሰናከል በልማት ስም ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። ጉዳቱ ከሳይንስም ያለፈ ነው። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ አያንቱ በመባል የሚታወቁት የዘመን አቆጣጠር አዋቂዎች ጨረቃ ከሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች ጋር ያላትን አቀማመጥ እየተመለከቱ ቀንና ወር ይቆጥራሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የኦሪዮን ቀበቶ ነው። ይህ ዕውቀት የሚተላለፈው ሰማዩ እስከታየ ድረስ ነው።

ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ለየራሳቸው ውጤት ሊወጣላቸው የቻለው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ሲሆኑ፣ ከሌሎች አህጉራት የተላኩት ምልከታዎች ለዚህ የሚበቁ አልነበሩም። ይህን ክፍተት ለመሙላት አገራችን መነሻ አላት። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ወጣቶችን ሲያሰባስብ የቆየ ማኅበር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና አካባቢው የታየው ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽም ሕዝቡ ለሰማይ ክስተቶች ያለውን ፍላጎት በግልጽ አሳይቷል። የትምህርት ቢሮዎች የሳይንስ ክበባትን ቢያስተባብሩ፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም መረጃውን ቢቀበልና ቢተነትን፣ ለመጀመር የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ዋጋ የሚበልጥ አይመስልም።

በዚህ ረገድ ከአስፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው ሥራ በአብዛኛው በጨረታ ሰነድ ላይ የሚያልቅ ነው። መብራቱ ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ የሚያደርግ ክዳን እንዲኖረው፣ የብርሃኑ ቀለም ከ3 ሺህ ኬልቪን ያልበለጠ ሞቅ ያለ ዓይነት እንዲሆን፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም ድምቀቱ እንዲቀንስ በዝርዝር መግለጫው ላይ ማስፈር ይቻላል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣችው ደንብ የሕንፃ ግድግዳ ማስዋቢያ መብራቶች ቢዘገይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንዲጠፉ ወስናለች። በእኛም አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የሚላቸውን ሲተረጉም መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ሙቀትን ዘርዝሮ በጤናና በሕያዋን ላይ ጉዳት የሚያስከትል ሌላ ማንኛውንም ክስተት የሚያካትት በመሆኑ፣ ብርሃንን በመመሪያ ለመሸፈን የሕግ መሠረት የሚታጣ አይመስልም።

መብራት መቀነስ ለወንጀል ያጋልጣል የሚለው ሥጋት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በተለይ ምሽት ከሥራ የሚመለሱ ሴቶች የብርሃንን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቁታል። ሆኖም ዓይን የሚያጭበረብር ፓውዛ ከጀርባው ድቅድቅ ጥላ ስለሚፈጥር በጥላው ውስጥ የቆመን ሰው ይሰውራል። ወደ መሬት የተመራ መጠነኛ ብርሃን ግን መንገዱንም መንገደኛውንም ያሳያል። እ.ኤ.አ በ1958 የማስታወቂያ ፓውዛዎችን የከለከለችው የአሪዞናዋ ፍላግስታፍ ዛሬም ጎዳናዎቿ የሚበሩ ሕያው ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ በ2001 በዓለም የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተብላ ዕውቅና አግኝታለች።

ለምልከታው አመቺ የሆነው ወቅት በአገራችን በጋው ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ሰማዩ በአብዛኛው የጠራ ሲሆን፣ ኦሪዮንም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በሦስቱ የቀበቶ ከዋክብቱ በቀላሉ ይለያል። ጨረቃ በማትታይባቸው ምሽቶች አንዱ ተማሪ ከመገናኛ፣ ሌላው ከሰንዳፋ፣ ሦስተኛው ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ቀበሌ ሆነው ያዩትን ቢያስተያዩ ልዩነቱን ያለ ሌላ ማስረጃ ይረዱታል።