የአናቶሚ ትምህርትና የተማሪዋ ሸክም

በባሕር ማዶ ልጅ ያላቸው ወላጆች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ከሚጫወቱት ጕዳይ አንዱ የነርስነት ትምህርት ነው። በተለይም በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ልጆች ይህን ሙያ መርጠዋል። ስለዚህ የትምህርቱን በር፣ ይኸውም አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የሚባለውን፣ ወላጅ ጥቂት ቢያውቀው ለልጁ ከሚልከው በርበሬና ሽሮ ይልቅ ይጠቅማታል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

አናቶሚ የሰው አካል ከምን ከምን እንደ ተሠራ የሚያስተምር ነው፤ ፊዚዮሎጂ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ሥራውን እንዴት እንደሚፈጽም ይገልጻል። በአሜሪካ ኮሌጆች ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተጣምረው በሁለት ክፍል፣ በሁለት ሴሚስተር ይሰጣሉ። ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው አስቀድሞ እነዚህን መፈጸም አለበት፤ የሚወዳደረውም ባገኘው ነጥብ ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ ትምህርቱን ደግሞ ለመማር የሚፈቅደው በተወሰነ ቍጥር ነው፤ አንዳንዱም 5 ወይም 7 ዓመት ያለፈውን የሳይንስ ነጥብ አይቀበልም። ከዚህም የተነሣ በአንድ ሴሚስተር የተበላሸ ነጥብ የብዙ ዓመት ሐሳብ ሊያሰናክል ይችላል።

እኔ ይህን ያወቅሁት በእኅቴ ልጅ ነው። ልጅቱ ዲቪ ወጥቶላት ሄዳ በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት የነርስ ረዳት ሆነች፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ እያንዳንዱን ሌሊት 12 ሰዓት ትሠራ ነበር። አባትዋም ቶሎ እንድትጨርስ ስለ መከራት አናቶሚ 4 ክሬዲት፣ ኬሚስትሪ 4፣ ስታቲስቲክስ 3፣ እንግሊዝኛ 3፣ በድምሩ 14 ክሬዲት ተመዘገበች። እኛም ሰምተን ደስ አለን። በማኅበሩ ጽዋ ላይ እንኳ «ልጃችን ነርስ ልትሆን ነው» ተብሎ ተነግሯል።

ሥራዬ ጽሕፈት ስለ ሆነ ሂሳቡን ያን ጊዜ በወረቀት አሰፈርሁት። የክፍሉና የቤተ ሙከራው ሰዓት ተደምሮ በሳምንት 18 ይሆናል። ለአንድ ክሬዲት ቢያንስ ሁለት ሰዓት በቤት ማጥናት ይገባል ስለሚባል ይህ 28 ሰዓት ነው። የሌሊቱ ሥራ 36፤ እንቅልፍ በቀን 7 ሰዓት ቢቈጠር 49። ጠቅላላው 131 ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት ስለ ሆነ 37 ሰዓት ይተርፋታል። ይህን ያየ ሰው ይበቃል ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር።

ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ብዙ ነው። አውቶቡስ መጠበቅ፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ በእሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳም አለ። ከጧቱ በ1 ሰዓት ከሥራ የወጣች ልጅ በ3 ሰዓት በአጉሊ መነጽር ፊት ስትቀመጥ ሰዓቱ ተገኝቷል፤ አእምሮዋ ግን አልተገኘም። ደግሞም በእኛ 10 ሰዓት ሲሆን በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ጧት ነው። እኛ ከሥራ ወጥተን ቡና ቀርቦልን «እስቲ እንደውልላት» የምንለው ልጅቱ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ ጋደም ስትል ነው። በዚያ ሴሚስተር ስንት ጊዜ ከእንቅልፍዋ እንደ ቀሰቀስናት ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ ነርስነት ከሕክምና በታች ስለ ሆነ ትምህርቱም ቀላል ነው ይላሉ። ልዕልት ፀሐይ በስደት በእንግሊዝ አገር ሳሉ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ድረስ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ይህንኑ ሙያ ተምረው መመረቃቸውን የሚያስታውስ ሰው እንዲህ አይልም።

የትምህርቱም ክብደት እንዲህ ነው። የጐልማሳ ሰው አጥንት 206 ነው፤ ከዚህም ውስጥ በሁለቱ እጅና በሁለቱ እግር ብቻ 106 ይገኛል። እያንዳንዱ አጥንት ስም አለው፤ በብዙዎቹም ላይ ያለው ጐባጣና ቀዳዳ ሌላ ስም አለው። ከዚያ በኋላ ጡንቻዎቹ፣ ከአንጎል የሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች፣ የደም ሥሮቹም ይከተላሉ። ስሞቹ የግሪክና የላቲን ናቸው። ከአንድ የግዕዝ ግሥ ስንት ቃል እንደሚወለድ የተማረ ሰው ግን ይህን አይፈራውም፤ ካርዲያ ልብ፣ ኔፍሮስ ኵላሊት፣ ኦስቴዎን አጥንት መሆኑን አንድ ጊዜ ከያዘ፣ ከእነርሱ የተወለዱትን ብዙ ቃላት ሳይነገረው ይፈታቸዋል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታ መጽሐፉን አስከድነው ያስብሉን ነበር እንጂ ዐይናችንን በብራናው ላይ ስናንከራትት አይቈጥሩልንም። ትናንት የተባለው ዛሬ ይደገማል፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱም ይከለሳል። አናቶሚም የሚያዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሥዕሉን ሸፍኖ ስሙን በቃል መጥራት፣ የሳቱትን ብቻ መልሶ ማየት። የእኅቴ ልጅ ግን መጽሐፉን በቢጫ ቀለም ስታሰምር ታመሽ ነበር።

ፊዚዮሎጂ ግን በቃል አይያዝም፤ ምስጢሩ ይፈለጋል። ለምሳሌ አንድ ሰው ብዙ ደም ሲፈሰው የደሙ ግፊት መቀነስ ይጀምራል። በአንገት የደም ሥርና ከልብ በሚወጣው ታላቅ የደም ሥር ያሉት ስሜት ተቀባዮች ይህን ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም ልብ ፈጥኖ እንዲመታ፣ ቀጫጭኖቹም የደም ሥሮች እንዲጠብቡ ያዛል፤ ኵላሊትም ውሃ ይቈጥባል። ይህን የተረዳች ነርስ ግፊቱ ገና ሳይወርድ ልቡ ሲፈጥን ያየችውን በሽተኛ በውስጡ ደም እየፈሰሰው እንዳይሆን ትጠረጥራለች፤ ሐኪሙንም በጊዜ ትጠራለች። ለፈተና ብቻ የሸመደደችው ግን ግፊቱ እስኪወድቅ ትጠብቃለች።

ኮሌጆች ተማሪ ትምህርት ለመተው የሚችልበትን የመጨረሻ ቀን ይወስናሉ። ከዚያ ቀን በፊት የተወ ሰው እንደ ተወ ይጻፍበታል እንጂ በነጥቡ ውስጥ አይቈጠርበትም። ልጅቱ ኬሚስትሪውን ለመተው አስባ ነበር፤ ነገር ግን በጽዋው ላይ የተነገረውን ሰምታ ኖሮ እኛን ማሳፈር ፈራችና ቀኑ አለፈ። በመጨረሻ በአናቶሚ ዲ አገኘች፤ ከሲ በታች ደግሞ የነርስ ትምህርት ቤቱ አይቀበልም። ይህን የነገረችን ከአራት ወር በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጁ ሊመዘገብ ያሰበ ወላጅ ቢጠይቀኝ የምለው ይህ ነው። አናቶሚን ከኬሚስትሪ ወይም ከማይክሮባዮሎጂ ጋር ባንድነት አይጫን፤ ሥራ ያለው ሰው ከአናቶሚ ጋር አንድ ቀለል ያለ ትምህርት ብቻ ይያዝ። የመንግሥት የትምህርት ርዳታ የሚያገኝ ክሬዲቱን ሲቀንስ ርዳታው በመጠኑ ይቀነሳል እንጂ ብዙ ጊዜ ፈጽሞ አይቀርም፤ ቢሆንም አስቀድሞ የኮሌጁን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ግን በአብዛኛው ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ ስለማይፈቀድለት የቀረውን በቀላሎቹ ትምህርቶች ይሙላ። በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል መካከልም ዓመት ባያሳልፍ መልካም ነው፤ የተያዘው ይጠፋልና።

የእኅቴ ልጅ አናቶሚን ከስታቲስቲክስ ጋር ብቻ ይዛ እንደገና ተማረች። አባትዋ በየወሩ ይላክልኝ የሚለውን ገንዘብ ለአንድ ዓመት ተወላት፤ እርስዋም ከሦስቱ ሌሊት አንዱን ቀነሰች። ቢ አግኝታ አሁን ሁለተኛውን ክፍል ጀምራለች። እኛም የምንደውለው በእሑድ፣ በእኛ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ብቻ ሆኗል። እኅቴ መጽሐፍ ባታውቅም ስልኩን ይዛ የልብን አራት ክፍሎችና ደሙ የሚያልፍባቸውን በሮች በአማርኛ ታስብላታለች፤ ባለፈው እሑድ አንዱን በር ብትዘል «እንደገና በዪ» አለቻት።