ሲሙሌሽን አይጨስም

የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመመረቂያ ፕሮጀክት "ዲፌንስ" ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ፕሮጀክተሩ ይበራል። ፕሮቲየስ የሚባለው ሶፍትዌር ይከፈታል። ተማሪው የማስጀመሪያዋን ቁልፍ ይጫናል። ስክሪኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ትንሿ ማሳያ ሙቀቱን በቁጥር ትጽፋለች። ፈታኞቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ ጥቁር ጋውን። የዓመታት ልፋት የመጨረሻ ፍሬው በእጅ የማይያዝ፣ ላፕቶፑ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ሥዕል ነው።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ብሬድቦርድ ላይ ሽቦ ሰካክተው የሚሠራ ነገር ይዘው የሚቀርቡ ቡድኖች አሉ። ከኪሳቸው አውጥተው ቦርድ አሳትመው የሚመጡም አሉ። እነዚህ ግን በራሳቸው ግፊት ያደረጉት እንጂ ሥርዓቱ የጠየቃቸው አይደለም። መጠየቅ ነበረበት። አንድ የኤሌክትሪካል ወይም የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ቢያንስ አንድ ሰርኪዩት ቦርድ በኮምፒውተር ዲዛይን አድርጎ፣ አሳትሞ፣ በእጁ በይዶ፣ ስህተቱንም ራሱ አግኝቶ ሳያርም ዲግሪ ሊሰጠው አይገባም።

ሰርኪዩት ቦርድ ሬዲዮ ወይም ቻርጀር ሲከፈት የምትታየው፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነችው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ናት። ፋይበር ግላስ ላይ ስስ መዳብ ይለጠፋል፤ የማይፈለገው መዳብ በኬሚካል ተበልቶ ይወገድና ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ ብቻ ይቀራል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቪየና ወደ ለንደን የተሰደደው ፖል አይስለር ሬዲዮ ላይ ሠርቶ አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ለመድፍ ጥይት ማፈንጃ ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ ያለዚህች ሰሌዳ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ሲሙሌሽኑ ምን እንደሚደብቅ ለማየት ከሼንዘን ሳይሆን ከጓዳ ምሳሌ ይወሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ። በየገበያው የሚሸጠው ምጣድ ሸክላ፣ ከሸክላው ሥር በቦይ የተዘረጋ የማሞቂያ ሽቦ፣ ሲበዛ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ብዙዎቹ የሙቀት መቆጣጠሪያ የላቸውም። መቆጣጠሪያዋ ጋጋሪዋ ናት፤ ሲግልባት ትነቅላለች፣ ሲቀዘቅዝባት ትሰካለች። በቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ኤሌክትሪክ በመብላት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የቻይና ወይም የጀርመን ኩባንያ ለእንጀራ ምጣድ መቆጣጠሪያ ቅድሚያ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የዚህ አገር መሐንዲስ ሊሠራው ይገባል።

እንግዲህ አንድ የተማሪ ቡድን ይህን መቆጣጠሪያ ለመመረቂያው መረጠ እንበል። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ከሆነ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ሲሙሌተሩ ላይ ይህ 16 አምፔር በአንዲት ቀጭን መስመር ያልፋል። መስመሯ አትግልም፣ አትቀልጥም፣ አትጨስም። እውነተኛው ቦርድ ላይ ግን የተለመደው የመዳብ ውፍረት 35 ማይክሮ ሜትር ነው። በዚህ ውፍረት 16 አምፔር ሲያልፍ የመዳቡ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ከተፈለገ የመንገዱ ስፋት ወደ 14 ሚሊ ሜትር መጠጋት አለበት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ማለት ነው። ተማሪው ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚሰጠውን ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ሳይነካ ከተወው፣ ምጣዱ በተሰካ ቅጽበት ቦርዱ ራሱ ፊውዝ ሆኖ ይቃጠላል።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞካፕል፣ ኬ የሚባለው የተለመደው ዓይነት፣ በ200 ዲግሪ የሚያመነጨው 8 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሹክሹክታ 220 ቮልት ከሚጮህበት መስመር ጎን ለጎን ከተዘረጋ መለኪያው የሚያነበው የምጣዱን ሙቀት ሳይሆን ጫጫታውን ነው። ደግሞ ሰው በሚነካው የዝቅተኛ ቮልቴጅ ክፍልና በ220 ቮልቱ መካከል 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መተው የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ጓዳ ውስጥ እንፋሎት አለ፣ የጋጋሪዋ እጅ እርጥብ ነው። ይህን ርቀት ሳይማር የተመረቀ መሐንዲስ የሠራው ዕቃ የገዛ እናቱን ሊይዛት ይችላል። ሲሙሌሽኑ ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ሥራው አይደለምና።

ትንሿ ስህተት ደግሞ የበለጠ ታስተምራለች። ቢሲ547 እና ፒኤን2222 የሚባሉት ትራንዚስተሮች መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ሦስት እግር። ጠፍጣፋው ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ግን የእግሮቻቸው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። ስኬማቲኩ ላይ ሁለቱም አንድ ምልክት ስለሆኑ ልዩነቱ አይታይም። የዲዛይን ሶፍትዌሩ የሕግ ፍተሻም አይይዘውም፤ መስመሮች ተነካክተው እንደሆነ ይናገራል እንጂ ገበያ ላይ የተገኘው ትራንዚስተር ሌላ መሆኑን ከየት ያውቃል? ተማሪው የሚያውቀው ቦርዱ ታትሞ መጥቶ፣ በይዶ፣ ሰክቶ፣ አልሠራ ሲለው ነው። ያን ጊዜ ዳታሺት ያወጣል። ያን ጊዜ ማንበብ ይጀምራል። አንድ ጊዜ በዚህ የተቀጣ መሐንዲስ ዕድሜ ልኩን እግር ሳይቆጥር አይበይድም።

የሚገርመው፣ ይህን እውቀት የያዘ ሰው አገሪቱ ውስጥ ሞልቷል፤ የተቀመጠው ግን ሌላ ቦታ ነው። መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰው ሞባይል ጠጋኝ የስልኩን ስኬማቲክ በላፕቶፑ ከፍቶ፣ የጠፋውን ቮልቴጅ ከካፓሲተር ካፓሲተር እየተከተለ ይውላል። ዲግሪ የለው ይሆናል። ቦርድ ማንበብ ላይ ግን ብዙ ተመራቂን ያስከነዳል። ይህ ለጠጋኙ ምስጋና፣ ለዲፓርትመንቶቹ ደግሞ ወቀሳ ነው።

ታዲያ ለመማር ምን ያስፈልጋል? ወደዚህ ጥያቄ ሲደረስ "በጀት የለም" የሚለው መዝሙር ይጀመራል። ኪካድ የሚባል ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዣን ፒየር ሻራ የተባለ፣ በግሬኖብል የሚያስተምር ፈረንሳዊ ለሕዝብ አቀረበው። በኋላ ሰርን፣ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከሉ፣ ባለሙያዎቹን መድቦ አጎለበተው። ነፃ ነው። ነፃ ሲባል የ30 ቀን ሙከራ አይደለም፣ ከዚህ ስፋት በላይ ክፈሉ የሚልም አይደለም። ተማሪ በተለመደ ላፕቶፕ ይሠራበታል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከላይ የተባለውን የመዳብ ስፋት የሚያሰላ መሣሪያም አብሮት ይመጣል። አምፔሩን ይነግሩታል፣ ሚሊ ሜትሩን ይመልሳል።

ትምህርቱም ከሚፈራው በታች ነው። መጀመሪያ ስኬማቲኩ ይሣላል። ይህን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ ይችላል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ምልክት ፉትፕሪንት ይሰጠዋል፤ ማለትም ዕቃው ቦርዱ ላይ የሚቆምበት የእግር አሻራ። ብዙው ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ዲዛይኑን በወረቀት በትክክለኛ መጠኑ አትሞ የገዙትን ዕቃ እላዩ ላይ አስቀምጦ ማየት። ከዚያ ዕቃዎቹን መደርደር ይመጣል። የቦርድ ጥበብ አብዛኛው ያለው እዚህ ነው፣ ዕቃው በደንብ ከተደረደረ መስመሩ ራሱ መንገዱን ያገኛል። በመጨረሻ መዳቡ ይዘረጋል፣ ፍተሻው ይካሄዳል፣ ፋብሪካ የሚያነበው ገርበር የሚባለው ፋይል ይወጣል። ለአንድ ጥሩ ጀማሪ ቦርድ አንድ ሴሚስተር ከበቂ በላይ ነው።

ነፃው እያለ በየቤተ ሙከራውና በየላፕቶፑ ዘወትር የሚታየው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ነው። አንቲቫይረስ አጥፍቶ፣ ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን እንደ ሙያ ይቆጠራል። ነገሩ ከሥነ ምግባርም በላይ ነው። በተሰረቀ መሣሪያ የተማረ ተመራቂ ድርጅት ከፍቶ ሥራውን ለውጭ ደንበኛ ልሽጥ ሲል ፈቃዱን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ወይ ሌባ ሆኖ ይቀጥላል ወይ ከዜሮ ይጀምራል። የገዙትም ቢሆኑ በባለቤቱ እጅ ናቸው። ኢግል የሚባለው ሶፍትዌር የስንቱ ጀማሪ የመጀመሪያ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አውቶዴስክ ገዛው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሰኔ 2026 ላይ እንደሚያበቃለት አስታወቀ። ዓመታት የተከማቸ ፋይል ያለው ሰው ሌላ ቤት ፈልግ ተባለ።

ሁለተኛው ሰበብ "አገር ውስጥ የሚያትም ፋብሪካ የለም፤ መጀመሪያ ፋብሪካው ይምጣ" የሚል ነው። የገርበር ፋይል ትርጉሙ የገባው ሰው ይህን አይልም። ፋይሉ ዲዛይነሩና አታሚው አንድ ቦታ እንዲሆኑ አያስገድድም። ዲዛይኑ ባሕር ዳር፣ ኅትመቱ ሼንዘን ሊሆን ይችላል። የሼንዘን ፋብሪካዎች ከ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ባለሁለት ንጣፍ ቦርድ አምስቱን በጥቂት ዶላር ያትማሉ፤ ማጓጓዣው ከቦርዱ ይበልጣል። ለአንድ ተማሪ ዶላር መክፈሉ ራሱ ፈተና ነው። ለአንድ ዲፓርትመንት ግን የ30 ቡድን ፋይል ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ለአንድ የአዳራሽ ዎርክሾፕ ከሚወጣው ሻይና ውኃ ብዙ የሚርቅ ወጪ አይደለም። ይህም ቢቀር የመዳብ ሰሌዳ ገዝቶ፣ ዲዛይኑን በሌዘር ፕሪንተር አትሞ፣ በልብስ ካውያ መዳቡ ላይ አሸጋግሮ፣ በፌሪክ ክሎራይድ ማስበላት ይቻላል። መስመሩ ሻካራ ይሆናል፤ ለመማር ግን ይበቃል።

ሦስተኛው ሰበብ ጠንከር ይላል። "ተምሮ ማን ይቀጥረዋል?" ይባላል። መልሱ መንገድ ላይ እየሄደ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ የገባው እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና በሆዱ የባትሪ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ የቻርጀር ቦርድ፣ የሞተር መንጃ ቦርድ ተሸክሟል። አንዱ ሲበላሽ በጥገና ፈንታ ሙሉ ቦርድ ከውጭ ይታዘዛል፤ ያውም በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ባለው ዋጋ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠለው ፍሪጅና ቴሌቪዥንም አለ። ኬንያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ብሪክ የተባለውን የኢንተርኔት መሣሪያ ያስተዋወቁት የናይሮቢ መብራት ስለሚጠፋ ነው፤ ስምንት ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ከተቱበት። አዲስ አበባ ከናይሮቢ ያነሰ መብራት ይጠፋባታል የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

መንግሥት በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም ጀምሯል። ክፋት የለውም፤ ወጣት ኮድ ቢማር ማን ይጠላል? ኮዱ ግን አየር ላይ አይሮጥም። ቦርዱን ሌላው ሠርቶት ኮዱን ብቻ የሚጽፍ አገር ምጣዱን የሚያበራ ማይክሮ ኮንትሮለር ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም የሚለካው ከአራት ምርጫ አንዱን መምረጥ ነው። 14 ሚሊ ሜትር የሚለውን መልስ መምረጥና 14 ሚሊ ሜትር መዳብ መዘርጋት ለየቅል ናቸው። ፈተናው ተማሪዎችን ከዲዛይን ወደ ጥያቄ ባንክ እየገፋ መሆኑን መምህራኑ ራሳቸው ያውቁታል፣ በሻይ ሰዓትም ያወሩታል። የዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ ግን ማን አንስቶት ያውቃል?

ለመጀመር የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ፣ የሚኒስቴር ደብዳቤ፣ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም። የመመረቂያ ፕሮጀክት መመሪያ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመር፦ "ቡድኑ ዲዛይን ያደረገውን የታተመ ቦርድ ይዞ ካልቀረበ ዲፌንስ አይያዝለትም።" የሚቀጥለው ሴሚስተር ከመከፈቱ በፊት አንድ መምህር ኪካድን ያውርደው፤ ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። በፍላሽ ወደ ቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች ማዳረስ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።