ስደት የሄደው ልጅ ራሱ ይናገር

የትምህርት ቤት ድራማ የለመደ ሰው ስለ ስደት የሚሠራውን ገና ሳይጀመር ያውቀዋል። ደላላ ይመጣል፣ ልጁ የእናቱን ብር ይዞ ይጠፋል፣ በረሃ ላይ ውሃ ይጠማዋል፣ ባሕር ይበላዋል። ከተረፈም መጨረሻ ላይ ተንበርክኮ «እኔን ያየህ ተቀጣ» ይላል። እናጨበጭባለን፣ ወደ ክፍል እንገባለን። አለቀ።

ድራማው አይሠራ አላልኩም። ደላላውም በረሃውም እውነት ነው። ግን ማን ነው የጻፈው? አንዳንዴ እኛ መምህራን፣ አንዳንዴ ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው። ሄዶ የተመለሰው ልጅ ተመልካች መሃል ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ድሬ ላይ ደግሞ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ የሚወስደው መንገድ በደጃችን ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን መልሳለች። ቁጥሩን ሁላችንም ሰማን። የአንዱን ታሪክ ከራሱ አፍ የሰማነው ግን ስንቶቻችን ነን?

ዳግማዊ ይመርን የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሱዳንን፣ ሊቢያን አቋርጦ በ2006 (እ.ኤ.አ.) በጀልባ ላምፔዱሳ የምትባለው የጣሊያን ደሴት ደረሰ። ሮም ውስጥ ቋንቋ በሚማርበት ትምህርት ቤት ቪዲዮ መቅረጽ ተማረ። በ2008 ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር ሆኖ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ጠያቂውም ስደተኛ፣ ተጠያቂዎቹም አብረውት ያንን መንገድ ያለፉ ልጆች ናቸው። በሊቢያ እስር ቤት ያዩትን፣ በኮንቴይነር ተጭነው በረሃ ለበረሃ መመላለሳቸውን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ማንም «ተጸጽተሃል ወይ?» እያለ አላስጨነቃቸውም።

በጥቅምት 3 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ላምፔዱሳ አጠገብ ጀልባ ሰጥማ 368 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ዳግማዊ ስለ እነሱ የሠራው ፊልም ርእሱ «አስማት» ነው። የድግምቱ አይደለም፤ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። የሟቾቹ ስም ይጠራል። ዜናው ቁጥር ያደረጋቸውን ሰዎች ፊልሙ በስማቸው መለሳቸው። ኪነ ጥበብ ይሄን ይችላል፤ የማስጠንቀቂያ ፖስተር አይችልም።

«አቦ መምህር፣ ይሄ ስደትን ማበረታታት አይሆንም?» የሚል አይጠፋም። እኔ ተቃራኒው ነው የሚመስለኝ። ጎረቤቱ በሳዑዲ ብር ቤት ሲሠራ ያየ ልጅ ሁሉም የሚሞትበትን ድራማ አያምንም። ቤቱንም ቁስሉንም፣ የተላከውን ብርም የተከፈለውን ዋጋም አንድ ላይ የሚነግረው ሄዶ ያየው ብቻ ነው። እሱን ያምነዋል።

ደግሞ ድሬ ራሷ የመጤ ልጅ ናት'ኮ። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ባቡር ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ከአገሬው ጋር ኖረባት። የእነሱን መምጣት በኩራት እናወራለን። የራሳችን ልጅ ሄዶ ሲመለስ ግን አንገቱን እንዲደፋ እንፈልጋለን።

ለመምህራን ጓደኞቼ፦ ሚኒ ሚዲያው ላይ በሳምንት ዐሥር ደቂቃ እንስጣቸው። በኦሮምኛ ይሁን፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፤ ግጥም ይሁን፣ ሥዕል፣ ዘፈን። ካልፈለገ ስሙ አይጠራ። ያልፈለገን አናስገድድ። ትልቁ ነገር፣ መጨረሻው ላይ ምክር እንዲጨምር አናድርገው። ምክሩን ሰሚው ራሱ ያገኘዋል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በዚያ መንገድ ያለፋችሁ፣ ስልካችሁ ላይ የጻፋችሁት ወይ የቀረጻችሁት ነገር ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አላርመውም፣ ውጤትም አልሰጥበትም። አነበዋለሁ።