ስንት ጥናት አሳተመ? ወይስ ስንት ዋጋ አወረደ?

የጤና ኢኮኖሚ ተመራማሪ ሲያስተዋውቁን «ይህን ያህል መቶ ጥናት ያሳተመ» ይሉናል። እሺ፣ የየትኛውን መድኃኒት ዋጋ አወረደ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በኒውዮርኩ ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶ/ር ፒተር ባክ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ኒውዮርክ ታይምስ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ዛልትራፕ የተባለው አዲስ የአንጀት ካንሰር መድኃኒት በወር 11 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ የነባሩ አቫስቲን እጥፍ። ሁለቱም በአማካይ የሚጨምሩት ዕድሜ ግን አንድ ወር ተኩል እንኳ አይሞላም። «ሆስፒታላችን አይሰጠውም» አሉ። ወር ሳይሞላ አምራቹ ሳኖፊ የ50 በመቶ ቅናሽ አደረገ።

«መረጃው ከጥናት ነው የመጣው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን መጽሔት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሳኖፊን መቼ አስደነገጠው? የጋዜጣ አስተያየት ደግሞ (ይህቺ ናት የምታናድደኝ) ለፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሲመዘን እንደ ጥናት አይቆጠርም።